ቀንና ሌሊት፦ የስውራን ምድር ከጉብታው እስከ ጨዋታው ገበታ



ዛሬ የምናገረው በምድር ካርታ ላይ ስለማይገኝ፣ ነገር ግን የራሱ ካርታ ስለ ተሠራለት አንድ አገር ነው። አገሩ ፌይዋይልድ ይባላል፤ የሚገኘውም «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» በተባለው ጨዋታ መጻሕፍት ውስጥ ነው። የታሪክ ሰዎች ተሰብስበው ስለ ጨዋታ ሲነጋገሩ መስማት ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ተረትን ለማጥናት ያላፈረ የታሪክ ተመራማሪ፣ ተረቱ ዛሬ የሚኖርበትን ቤት ለመጎብኘት የሚያፍርበት ምክንያት አይታየኝም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ጥቂት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ከመካከላቸው አንዱ ተራኪም ዳኛም ይሆናል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ባለታሪክ ይይዛሉ። ዳኛው «ከፊታችሁ ወንዝ አለ» ይላል፤ ተጫዋቹ «እሻገራለሁ» ይላል፤ መሻገር መቻል አለመቻሉን ዳይስ ይቆርጠዋል። ጨዋታው በ1974 በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን ግዛት ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ ታተመ፤ ደራሲዎቹም ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ነበሩ። የመጀመሪያው እትም 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። ፌይዋይልድ በዚህ ስሙ የመጣው ግን ከ34 ዓመታት በኋላ፣ በ2008 በወጣው አራተኛ እትም ነው። መጻሕፍቱ እንደሚሉት ከሰው ዓለም ጋር ትይዩ የተነጠፈ አገር ነው፤ ወንዛችን ባለበት ወንዝ፣ ተራራችን ባለበት ተራራ አለው፤ ነገር ግን ዛፉ ከዛፋችን ይልቅ ይገዝፋል፣ ቀለሙ ይጎላል፣ ዱሩም ከዱር ሁሉ ይልቅ ዱር ነው። ነዋሪዎቹ ውብ፣ ኩሩና ተለዋዋጭ ናቸው፤ ስጦታቸው ዕዳ ነው፤ ግብዣቸው ወጥመድ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ሁለንተናው ሕግና ቁጥር የሆነ ጥበብ፣ ዋነኛ ጠባዩ ለሕግና ለቁጥር አለመገዛት የሆነውን አገር እንዴት አድርጎ ያዘው? ጨዋታው ከመምጣቱ በፊት በዚያ አገር ይኖሩ የነበሩትስ ምን ሆኑ?

አስቀድሞ የስም ችግር አለብን። እንግሊዞች «ፌሪ» የሚሉትን በአማርኛ ምን እንበለው? ጋኔን ብንለው ፈረድንበት፤ ጂኒ ብንለው ወደ ሌላ ባህል ወሰድነው፤ ዛር ብንለው ደግሞ፣ ወደ ኋላ እንደምመለስበት፣ ወደ እውነቱ ተጠጋን እንጂ አልደረስንበትም። ሮበርት ከርክ የተባለ በስኮትላንድ የአበርፎይል ሰበካ ካህን፣ በ1690ዎቹ መጀመሪያ ስለነዚህ ፍጥረታት በጻፈው ድርሳን፣ ባሕርያቸው በሰውና በመልአክ መካከል ነው ይላል። ድርሳኑን ጽፎ ብዙም ሳይቆይ በ1692 ሞተ፤ ምእመናኑ ግን አልሞተም፣ ወሰዱት አሉ። እኔ በዚህ ንግግር «ስውራን» የሚለውን ቃል እዋሳለሁ። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ስውራን የሚባሉት በዋልድባና በመሳሰሉት ገዳማት ከሰው ዓይን የተሰወሩ ቅዱሳን መሆናቸውን አልዘነጋሁም፤ የምዋሰው መሰወራቸውን እንጂ ቅድስናቸውን አይደለም።

የእንግሊዝኛውም ቃል የራሱ ጉዞ አለው። ከላቲን «ፋታ»፣ ማለትም ከዕጣ ፈንታ አማልክት ስም ተነሥቶ በፈረንሳይኛ «ፌ» ሆነ፤ «ፌሪ» ሲባልም በመጀመሪያ ፍጥረቱን ሳይሆን አገሩን ወይም ድግምቱን ያመለክት ነበር። «ፌይ» የሚል ሌላ ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ቃልም አለ፤ ትርጉሙ «ሞቱ የተቆረጠ፣ ሊሞት የተወሰነ» ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት ዝምድና የላቸውም፤ ድምፃቸው ስለ ተቀራረበ ግን በዘመናት ውስጥ ተደባለቁ። እንግዲህ ፌይዋይልድ በሚለው ስም ውስጥ፣ ስሙን ያወጡት ሰዎች አሰቡትም አላሰቡት፣ የሞት ጥላ አለ።

አሁን ወደ ጥንቱ እንሂድ። በአየርላንድ፣ በቦይን ወንዝ አጠገብ፣ ዛሬ ኒውግሬንጅ የሚባል ትልቅ የመቃብር ጉብታ አለ። የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ገደማ ነው፤ ከግብፅ ታላላቅ ፒራሚዶች ይቀድማል። የመካከለኛው ዘመን አይሪሾች ማን እንደ ሠራው አያውቁም ነበር፤ ስለዚህ የስውራኑ መኖሪያ ነው አሉ። እንዲህ ያለውን ጉብታ «ሺ» ይሉታል፤ ቃሉ የሕዝቡም የመኖሪያውም ስም ነው። ስለዚህ ጉብታ አንድ ትረካ አለ። ኤንገስ የተባለው ወጣት ርስት ሲከፋፈል ሳይደርስ ይቀራል። ከዚያም ወደ ባለ ጉብታው ሄዶ «ለቀንና ሌሊት ብቻ ቤትህን ስጠኝ» ይለዋል። ባለ ቤቱ ይፈቅዳል። ቀኑ ሲመሽና ሲነጋ «እንግዲህ ውጣልኝ» ቢለው፣ ኤንገስ «የሰጠኸኝ ቀንና ሌሊት ነው፤ ዓለምስ ከቀንና ከሌሊት በቀር ምንድር ነው?» በሚል ክርክር ረታው፤ ጉብታውንም ለዘለዓለም ወሰደ።

ይህን ትረካ በእንግሊዝኛ ማስረዳት አድካሚ ነው፤ በዚያ ቋንቋ «አንድ ቀን» እና «ቀን» በመስተአምር ይለያሉና። ጥንታዊው አይሪሽ ግን እንደ አማርኛ ነው፤ ያ መስተአምር የለውም። እኛም «ቀንና ሌሊት ይሠራል» ስንል ዘወትር ማለታችን ነው። ተማሪዎቼ ይህን ተረት ሲሰሙ ማብራሪያ ሳይጠይቁ የሚስቁት ስለዚህ ይመስለኛል። ልብ ልትሉት የሚገባው ግን ሳቁን አይደለም። በጥንቱ ትረካ ስውራኑ ምድራቸውን የሚያገኙትም የሚያጡትም በጊዜ አቆጣጠር ክርክር ነው። ጊዜና ርስት እዚያ አንድ ጉዳይ ናቸው።

ይህ ዝምድና ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በ12ኛው ክፍለ ዘመን ዋልተር ማፕ የተባለ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ካህን በላቲን በጻፈው የንጉሥ ሄርላ ታሪክ ነው። ሄርላ የጥንት ብሪቶኖች ንጉሥ ነበረ። አንድ ድንክ ንጉሥ መጥቶ በሠርጉ ላይ ተገኘለት፤ ሄርላም በተራው ወደ ድንኩ ሠርግ በዋሻ ገባ። ሦስት ቀን ቆየ። ሲወጣ አንዲት ትንሽ ውሻ ተሰጠችው፤ እርሷ ከፈረሱ ላይ ወርዳ መሬት ሳትረግጥ ከእናንተ ማንም እንዳይወርድ ተባሉ። ከዋሻው ሲወጡ አንድ ሽማግሌ እረኛ አገኙ፤ ሄርላም ስለ ንግሥቲቱ፣ ስለ ሚስቱ ጠየቀው። እረኛው በጭንቅ ነው የሰማው። «እኔ ሳክሰን ነኝ፤ አንተ የምትናገረው የብሪቶኖችን ቋንቋ ነው፤ እንዲህ የምትባል ንግሥት በጥንት ዘመን እንደ ነበረች ሰምቻለሁ፤ ሳክሰኖች ነባሩን ሕዝብ አባርረው ይህን ምድር ከያዙ ግን ሁለት መቶ ዓመት አለፈ» የሚል መልስ ሰጠው። ከጭፍሮቹ አንዳንዶቹ ደንግጠው ከፈረስ ወረዱ፤ ወዲያው ትቢያ ሆኑ። ውሻዋ ግን እስከ ዛሬ አልወረደችም ይላሉ፤ ሄርላም ማረፊያ አጥቶ ይዞራል።

ሌሎች ትረካዎችም ይህን የጊዜ መዛባት ያውቁታል። በአይሪሹ የብራን ጉዞ ከመርከብ ዘሎ የወረደው ኔክታን አመድ ይሆናል፤ ኦሺን በወጣትነት ምድር ቆይቶ ሲመለስ ሦስት መቶ ዓመት አልፎ ያገኘዋል። ከሁሉ ግን የሄርላን አብልጬ የማነሣው የጠፋው ነገር ምን እንደ ሆነ በግልጽ ስለሚናገር ነው። ሄርላ ያጣው ዓመታትን ብቻ አይደለም፤ አገሩን፣ ሕዝቡንና ቋንቋውን አጣ። ዋልተር ማፕ የዌልስ ድንበር ሰው ነበረ፤ ያን እረኛ ሳክሰን ያደረገው በከንቱ አይመስለኝም። የአየርላንዱ የወረራዎች መጽሐፍና ከእርሱ ጋር የሚሄዱት ትረካዎችም የሚሉት ይህንኑ ይመስላል፤ አዲሶቹ ሰዎች ሲመጡ አገሩ ሲካፈል ላዩ ለድል አድራጊዎች፣ ከመሬት በታች ያለው ለተሸነፉት ሆነ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዴቪድ ማክሪቺ ከዚህ ተነሥቶ ስውራኑ በእርግጥ የነበረ አጭር ቁመት ያለው ጥንታዊ ሕዝብ ትዝታ ናቸው ብሎ ነበር። ይህን አልቀበልም፤ የአርኪዮሎጂ ማስረጃም አይደግፈውም። ትረካው የተሸነፈ ዘር አጥንት መዝገብ አይደለም። መሸነፍ ምን እንደሚመስል የሚያስብ ሕዝብ ድምፅ ነው፤ ይህ ደግሞ ለታሪክ ሰው ከአጥንቱ አያንስም።

ስለ ስውራን ማሰብ ግን ሁልጊዜ የምሽት ወግ አልነበረም። በ1576 በስኮትላንድ ቤሲ ደንሎፕ የተባለች የኤርሻየር ሴት በጥንቆላ ተከሰሰች። በችሎት የሰጠችው ቃል ተመዝግቦ ይገኛል። በ1547 በፒንኪ ጦርነት የሞተ ቶም ሪድ የሚባል ሰው እየተገለጠ መድኃኒት ያስተምራት እንደ ነበር ተናገረች። ወልዳ ሳለች አንዲት ደንዳና ሴት ወደ ቤቷ ገብታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ የሚጠጣም ለመነቻት፤ ሰጠቻት። ሴትየዋም ልጅሽ ይሞታል፣ ባልሽ ግን ይድናል አለቻት። በኋላ ቶም ያቺ እንግዳ የስውራኑ ንግሥት መሆኗን ነገራት። ይህን ቃል ባነበብሁ ቁጥር የሚገርመኝ ቀላልነቱ ነው። ወርቅ የለበትም፤ ዙፋን የለበትም፤ ልጇ ሊሞት የተቃረበ አራስና ውኃ የጠማት እንግዳ ብቻ ናቸው። ቤሲ ከስውራኑ ጋር እንድትሄድ ስትጠየቅ ባሌንና ልጆቼን ትቼ አልሄድም ማለቷንም ተናግራለች። ችሎቱ ጥፋተኛ አላት፤ ተቃጠለች።

ሁለተኛው ጉዳይ ወደ እኛ ዘመን ይቀርባል። በመጋቢት 1895 በአየርላንድ ቲፐራሪ አውራጃ፣ ብሪጅት ክሊሪ የተባለች የ26 ዓመት ልብስ ሰፊ ታመመች። ባልዋ ማይክል አልጋው ላይ ያለችው ሚስቴ አይደለችም፣ ስውራኑ እርሷን ወስደው ሌላ ተክተውብኛል አለ። ቤተሰብ ባለበት ቤት አቃጥሎ ገደላት። ከዚያም በአቅራቢያው በነበረው የጥንት የአፈር ቅጥር ዘንድ ለሌሊቶች ጠበቀ፤ እውነተኛይቱ ብሪጅት በነጭ ፈረስ ስትወጣ ባለ ጥቁር እጀታ ቢላ ይዞ ሊያስለቅቃት ነበር። ከነፍስ ግድያ በቀለለ ሰው የመግደል ወንጀል (ማንስሎተር) ተፈርዶበት የ20 ዓመት እስራት ተቀበለ። የለንደን ጋዜጦችም ጉዳዩን አየርላንድ ራሷን ለማስተዳደር ያልበቃች መሆኗን ለማሳየት ተጠቀሙበት። አንዲት ሴት ሁለት ጊዜ ተወሰደች ማለት ነው።

በዚያው ምዕተ ዓመት አገሪቱ ተለክታ ነበር። ከ1824 ጀምሮ የብሪታንያ ጦር ቀያሾች መላውን አየርላንድ ለአንድ ማይል ስድስት ኢንች በሆነ መስፈርት ነደፉ፤ የስውራን ማደሪያ የሚባሉት የአፈር ቅጥሮችም «ምሽግ» ተብለው በካርታው ላይ ሰፈሩ። ማይክል ክሊሪ ሚስቱን የጠበቀበት ቅጥር የተቀየሰ መሬት ነበር። እንዲህ ያለው ካርታ አገሩን ሁሉ ያሳያል፤ የሌሊቱን ጥበቃ ግን አያሳይም።

ወደ ጨዋታው ልመለስ፤ ጨዋታውም የካርታ ልጅ ነውና። ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተወለደው ከጦርነት ጨዋታ ነው። በ1974 ከወጡት ሦስት ቡክሌቶች ሦስተኛው ስለ ዱር ጉዞ ሲያስተምር፣ ተጫዋቾች በ1972 አቫሎን ሂል ያሳተመውን «አውትዶር ሰርቫይቫል» የተባለ የሌላ ጨዋታ ሰሌዳ እንዲጠቀሙ ይመክራል። ሰሌዳው በባለ ስድስት ጎን ክፍሎች የተሸነሸነ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል አምስት ማይል ይወክላል። መንገድ መሳትም በዳይስ ይቆረጣል። ይህን ስናገር ለማቃለል አይደለም፤ እንዲያውም ዱርን በቁጥር የመግለጽ ጥበብ በሚገባ የተሠራ ነው። ነገር ግን የዱር ትርጉም ተለውጧል። በግእዝ «ገዳም» ማለት በመጀመሪያ ምድረ በዳ፣ ሜዳና ዱር ማለት ነበር፤ ቆይቶ ለመነኮሳት መኖሪያ ሆነ። በእኛ ዘንድ ሰው ወደ ዱር የሚገባው ወይ ሊጸልይ ወይ ሊሸፍት ነው፤ በሁለቱም ሊለወጥ ነው የሚገባው። በጨዋታው ሰሌዳ ግን ሰው ወደ ዱር የሚገባው ሊያስስና ሀብት ይዞ ሊመለስ ነው።

በመካከሉ ሥነ ጽሑፍ ነበረ፤ በዚህ ላይ አልዘገይም። ሼክስፒር ከ1590ዎቹ አጋማሽ በኋላ ስውራኑን በአበባ ውስጥ እስኪያድሩ አሳነሳቸው፤ ሎርድ ደንሴኒ በ1924 ባሳተመው ልብ ወለድ ጊዜ የማይንቀሳቀስበትን አገር መልሶ አቆመ፤ ቶልኪን በ1939 በሴንት አንድሩስ በሰጠው ንግግር ፌሪ የፍጥረት ስም ሳይሆን የአገር ስም መሆኑን አስረግጦ ተናገረ። ለጨዋታው ከእነዚህ ይልቅ የቀረበው ግን ፖል አንደርሰን ነው። በ1961 በመጽሐፍ መልክ በወጣው «ሦስት ልቦችና ሦስት አንበሶች» ዓለም በሥርዓትና በሁከት ኃይሎች መካከል ትታገላለች፤ የስውራኑም ወገን ሁከት ነው። ጋይጋክስ ይህን ክፍፍል ወስዶ ለፍጥረት ሁሉ መለያ አደረገው። በ1977 ደግሞ በ«ዘ ድራጎን» መጽሔት 8ኛ እትም ላይ የዓለማትን ሥዕል ሠራ፤ በጎዎቹ በአንድ ወገን፣ ክፉዎቹ በሌላው፣ ሥርዓት በአንድ ጎን፣ ሁከት በሌላው እንደ ማለት ነው። ይህ በኋላ «ታላቁ መንኰራኩር» የተባለው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በመንኰራኩሩ ላይ ለስውራኑ ቦታ አልተገኘም። በጎም ክፉም አይደሉም፤ ወይም ሁለቱንም ናቸው። ይህ ችግር ለሥነ መለኮት ሰዎች አዲስ አልነበረም፤ የአየርላንድና የስኮትላንድ ገበሬዎች ስውራኑ ከሰማይ የወደቁ፣ ነገር ግን ለሲኦል ያልበቁ መላእክት ናቸው ይሉ ነበር። ለሰማይ ያልሆነ ለሲኦልም ያልሆነ ፍጥረት የት ይኖራል? በምድር፣ ከእኛ ጎን። ጨዋታው ወደዚህ መልስ ለመድረስ 31 ዓመት ፈጀበት። በ1992 የወጣ አንድ መጽሐፍ የስውራኑን አደባባይ ከዓለም ወደ ዓለም የሚንከራተት፣ ቋሚ አድራሻ የሌለው አደረገው። በ2001 «ማኑዋል ኦቭ ዘ ፕሌንስ» የስውራንን ዓለም በአማራጭነት ብቻ አቀረበ። በ2008 መንኰራኩሩ ራሱ ተነሥቶ ፌይዋይልድ ከሰው ዓለም ጎን ተዘረጋ። ምክንያቱ የሥነ መለኮት አልነበረም፤ የአሠራር ነበር። የቀድሞዎቹ ዓለማት ብዙዎቹ፣ ሁለንተናቸው እሳት ወይም ንጹሕ ኃይል ስለ ሆነ፣ የገባባቸውን ሁሉ የሚገድሉ ነበሩ፤ አዘጋጆቹ ግን ተጫዋች ሊሄድበትና ሊጫወትበት የሚችል አገር ፈለጉ። እንዲህ ሆኖ ገበሬው ያውቀው የነበረው መልስ በሌላ በር ገባ።

ሲገባ ግን ጊዜን ውጭ ትቶ ነበር። አራተኛው እትም ለፌይዋይልድ መልክዐ ምድር፣ ነገሥታት፣ ከመሬት በታች የሚኖሩ ፎሞርያን የተባሉ ጠላቶች ሰጥቶታል፤ ይህም ስም ከጥንቱ የአይሪሽ ትረካ የተወሰደ ነው። የሄርላ ዕጣ ግን ከጨዋታው እምብርት ላይ አልነበረም። ጊዜ በግልጽ የተመለሰው በ2014 በወጣው የዳኛው መምሪያ ነው፤ ያውም እንደ ምርጫ ሕግ። ተጓዦች ከፌይዋይልድ ሲወጡ ዳኛው ባለ ሃያ ገጹን ዳይስ ይጥላል። ከ7 እስከ 13 ቢወጣ ምንም ለውጥ የለም። ዝቅ ያለ ቁጥር ቢወጣ እዚያ ያለፉት ቀናት እዚህ ሰዓታት ወይም ደቂቃዎች ሆነው ይገኛሉ። ከፍ ቢል ሳምንታት ወይም ወራት። 20 ከወጣ ዓመታት። ከዚህም ሌላ፣ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሰው ያየውን ሁሉ የሚረሳበት ሕግ አለ።

ይህን ሠንጠረዥ እንደ ታሪክ ሰነድ አነባለሁ። የሄርላ መጥፋት ከሃያ አንድ ዕድል ሆኗል፤ ያም ቢሆን ዳኛው ከፈቀደ። ከዚህም የሚበልጠው ልዩነት ያጠፋው ማን ነው የሚለው ነው። በጥንቱ ትረካ ሄርላ ሲመለስ አገሩን የያዘ ሕዝብ አለ፤ ለመጥፋቱ ምክንያት አለው፤ ሳክሰን ይባላል። በሠንጠረዡ ያለፉት ዓመታት ግን ባዶ ናቸው። የሚሞላቸው ዳኛው ነው፤ ብዙ ዳኞች ደግሞ ሊሞሏቸው አይደክሙም፤ የጀመሩት ታሪክ ይበላሽባቸዋልና። አንድ ጎበዝ ዳኛ ግን ባዶውን ቢሞላ፣ ተጫዋቾቹ ከጫካው ወጥተው የመጀመሪያው እረኛ ቋንቋቸውን ባይሰማ፣ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ዋልተር ማፕ ያወቀውን የሚያውቁ ወጣቶች ይኖራሉ። ይህ በእርግጥ የሚቻል መሆኑ ነው ጨዋታውን ከሙዚየም የሚለየው።

በ2021 የወጣው «ዘ ዋይልድ ቢዮንድ ዘ ዊችላይት» የተባለው ጀብዱ ወደዚያ አንድ እርምጃ ሄዷል ብዬ እፈርዳለሁ። ተጓዦቹ ወደ ስውራኑ አገር የሚገቡት በልጅነታቸው የተሰረቀባቸውን አንድ ነገር ፍለጋ ነው። አገሩም በሦስት ባልቴት ጠንቋዮች ተከፋፍሏል። ጀብዱው ያለ አንድ ውጊያ እንዲፈጸም ሆኖ ተሰናድቷል፤ በዚህ ጨዋታ ታሪክ ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የአገሩ ሕግም ሦስት ነው፤ እንግዳ ተቀባይነት፣ የሰውን ንብረት አለመንካት፣ ለተሰጠህ ውለታ መመለስ። ለቤሲ ደንሎፕ ይህን ሕግ ማስተማር አያስፈልግም ነበር። እንግዳዋ ስትለምናት ሰጠቻት።

አሁን ቃል የገባሁበት የዛር ጉዳይ። በአገራችን የዛርን አመጣጥ የሚተርክ አንድ ወግ አለ። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ወለደች። ፈጣሪ ሊጎበኛት ሲመጣ፣ ዓይን እንዳይገባቸው ፈርታ ያማሩትን አሥራ አምስቱን ደበቀች። ፈጣሪም የደበቅሻቸው ተደብቀው ይቅሩ አለ፤ እነርሱም ዛሮች ሆኑ፤ የቀሩት እኛ ነን። ይኸው ታሪክ በአይስላንድ አለ። ዮን አርናሶን በ1862ና በ1864 ባሳተማቸው የአይስላንድ ተረቶች ሔዋን ልጆቿን ስታጥብ እግዚአብሔር መጣ፤ ያልታጠቡትን አፍራ ደበቀች፤ ከእኔ የተሰወረ ከሰው ይሰወር አለ፤ የተሰወሩት ሕዝብ ከእነርሱ ተወለዱ። አንዱ ስለ ውበት፣ ሌላው ስለ እድፍ ደበቀ እንጂ ፍርዱ አንድ ነው። ስውራኑ እንግዶች አይደሉም፤ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ናቸው።

ይሁን እንጂ አንድ መሠረታዊ ልዩነት አለ፤ ተማሪዎቻችን ከአገር ትውፊት ጨዋታ ልንሠራ ነው እያሉ ሲያማክሩኝ የማነሣላቸውም ይህን ነው። ወደ ዛር አገር ማንም አሳሽ ሆኖ አይሄድም። የሚመጣው ዛሩ ነው። የሚይዘው ሰው «ፈረስ» ይባላል፤ ዛሩ ይጋልበዋል። ስሙን ያስታውቃል፤ ቡናውን፣ ሽቶውን፣ ልብሱን፣ ግብሩን ይጠይቃል፤ ተደራድሮ ይታረቃል። ስለዚህ በባለ ስድስት ጎን ክፍሎች የተሸነሸነ ካርታ እዚህ አያገለግልም። ጉዞው ወደ ሰው ነው፤ የሚታሰሰውም ሰውዬው ነው። ደግሞም የተያዙት ሰዎች የጥንት ትረካ ገጸ ባሕርያት አይደሉም፤ ከመካከላችን የሚኖሩ እናቶችና አክስቶች ናቸው፤ ስለ እነርሱ የሚሠራ ጨዋታ ፈቃዳቸውን ሊጠይቅ ይገባል።

የፈረንሳዩ ጸሐፊና አንትሮፖሎጂስት ሚሼል ሌሪስ ከዳካር ጅቡቲ የምርምር ጓድ ጋር በ1932 ጎንደር ነበረ። ለወራት በዛር ቤት እየዋለ ጻፈ። በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ የጠየቀው ጥያቄ የሚደንቅ ነው፤ የተያዘችው ሴት እየተወነች ነው ወይስ በእርግጥ ሌላ ሆናለች? መልሱ ከሁለቱ አንዱን አልመረጠም። በትወና የሚታይ ቴአትር አለ፣ በኑሮ የሚኖር ቴአትርም አለ አለ፤ በመካከላቸውም ድንበሩ ቀጭን ነው። ዛሮቹም ለሴትየዋ እንደ ልብስ ሣጥን ናቸው፤ አንዱ ሲቆጣ ሌላው ሲያለቅስ እርሷ በራሷ ስም ልትለው የማይፈቀድላትን ትላለች። ሌሪስ ይህን ያሳተመው የሌክ ጄኔቫው ጨዋታ ከመውጣቱ 16 ዓመት ቀድሞ ነው። ስለ ሚና ጨዋታ የሚጽፉ ዘመናዊ ምሁራን፣ ተጫዋች ከያዘው ባለታሪክ ጋር ያለውን ዝምድና ሲመረምሩ የሚደርሱበት ጥያቄ ይኸው ነው፤ በጠረጴዛው ዙሪያ ባለታሪኩን የያዘው ተጫዋቹ ነው፣ ወይስ ተጫዋቹን የያዘው ባለታሪኩ? የጎንደር ባለ ዛሮች ለዚህ ቃል ነበራቸው፤ ፈረስና ጋላቢ ይሉት ነበር።